ከሻርጃ አንድ እጅ

አርብ ከቀትር በኋላ። የጣሪያው ሲሚንቶ ገና ይፋጃል፤
የሰባ ሴት ልብስ ባንድ ገመድ ላይ ለቦታ ይጋፋል።
ከታች ጎማ ጠጋኝ፣ ከጀርባ ብረት ቆራጭ፣
ከየት እንደሚነፍስ የማይታወቅ እርጥብ ጨው፣ ዓይን ቆንጣጭ።

ሙሶንዳ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች፤
የጥበቃ ሸሚዟን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባለች።
ስልኩን አፏ ጋ አስጠግታ፣ የአምስት ድርሃም ካርድ ፍቃ
ስብሰባ ገብታለች፤
ሳምፊያ፣ ሐይቁ ዳር፣ ማንጎው ሥር፣ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ርቃ።

ቀበሌ አልኩት እኔ፣ የሷን ስም ምላሴ ስላልቻለው።
የዓመቱ ገንዘብ መጥቷል፤ ትንሽ ነው፣ ላንድ ነገር ብቻ የሚበቃው፤
ወይ ለገበያው ጥላ፣ ዓሣ ሻጮቹን ፀሐይ እንዳይበላቸው፣
ወይ ለጤና ጣቢያው የሞተር ጀልባ፣ ምጥ ደሴት ላይ ለሚይዛቸው።

እህቷ ካፔምብዋ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛለች። ዶሮ ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣
አንድ ሽማግሌ ያስላል፤ እሱ ሲያስል ሰዉ ሁሉ ዝም ይላል።
ሙሶንዳ ታስረዳኛለች በኛ ዓረብኛ፤ ግማሹ የማድ ቤት፣
ግማሹ የበር ጠባቂ፣ ግሡ የጠፋበት፦
«ቦት አወል፣ ሱቅ ባዕዲን።»
ጀልባው ይቅደም፣ ገበያው ይቆይ ማለቷ ነው።

«ከዚህ ሆነሽ ምን አገባሽ?» አልኳት፣
«ተገዛ አልተገዛ፣ አንቺ እንደሁ የሻርጃ ዘበኛ ነሽ» ስላት፣
ሳቀች አልሳቀችም።
«እናቴ» አለች፣ «በታንኳ ስትሄድ ነው የመሸባት።»

ዝም ብዬ አንሶላ አሰጣሁ።
በኛ አገር፣ ከከሚሴ ማዶ፣ አባቴ ስብሰባ ሲጠራ
በሬውን ፈትቶ ይሄዳል፣ ይቀመጣል ከሰው ጋራ።
እጅ አውጡ ሲባል ያወጣል። ማታ «ለምን ነበር?» ስንለው
«ከማውጣት ይልቅ» ይላል፣ «አለማውጣት ነው የሚከብደው።»

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «የማይታይ እጅ አይቆጠርም» አለ።
ጫጫታ ሆነ። አንዲት ሴት ጮኸች፦
«ያምናው የጉድጓድ ፓምፕ ሲሰበር፣ ገንዘብ የላከው እጅ
ታይቶ ነበር ወይ?»

እዚህ ላይ የካርዷ ሴትዮ ገባች፣ ያቺ ቀጭን ድምፅ፣
አንድ ደቂቃ ቀርቷል እያለች።
ሙሶንዳ አየችኝ።
ጡቴ ሥር ካርድ አለኝ፣ ማታ ላባቴ የምደውልበት።
አልጠየቀችኝም። አወጣሁት፣ በጥፍሬ ፋቅኩት፣
ቁጥሩን እያነበብኩላት፣ ላቤ እየተንጠባጠበበት፣
አንድ ይሁን ሰባት እየተጠራጠርን፣
አውሮፕላኑ ካናታችን እስኪያልፍ ጠብቀን ደወልን።

መቁጠር ጀምረዋል።
ለጀልባው የሚሉ እጃቸውን አወጡ፣ ማንጎው ሥር፣ እኛ በማናየው፤
ሙሶንዳም ብድግ አለች፣ ባልዲው ተንከባለለ፣
ክንዷን ወደ ሰማይ ቀጥ አረገችው።
ከኔ በቀር ማን አያት? የጎረቤት ርግቦች ምናልባት።
«ኡሞ፣ ባቢሊ፣ ባታቱ፣ ባኔ…»
ቆጣሪዋ ልጅ ተሳሳተች መሰል፣ እንደገና ከአንድ።
ሙሶንዳ አላወረደችም፣
የብብቷ ላብ ሸሚዙ ላይ ካርታ ሲስልበት።

ሠላሳ አንድ ለጥላው።
ሠላሳ ለጀልባው።
የሷን አልቆጠሩትም።

በገዛ ቋንቋዋ አንድ ስድብ ቢጤ ወረወረች። ቀጥሎ ሳቅ አመለጣት።
«ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ስብሰባ አለ፤
እስከዚያ ሽማግሌው ይሳል።»
ከዚያ ቀና ስትል እኔን አየች፤
ቀኝ እጄ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ መቆንጠጫው በጣቴ፣
አንሶላው ከተሰጣ ቆይቷል።
ደረቷን መታ መታ አድርጋ «ኡሞ» አለች።
በአገጯ ክንዴን ጠቆመች፣
«ባቢሊ።»

ካርዱ ላይ ሦስት ደቂቃ ተርፎ ነበር።
አባቴ ከሩቅ እንደ ወትሮው እየጮኸ አነሳው፤
ዝናቡን፣ ጤናውን፣ የላሟን ነገር ነገረኝ።
«ዛሬ ስብሰባ ነበር እንዴ?»
«ነበር ልጄ፣ አሁን ገና መግባቴ ነው።»
«ስለ ምን?» አልኩት።